ቢሲኤል-2ን በአንቲቦዲ ማሳየት፦ ከፓራፊን ብሎክ እስከ ማይክሮስኮፕ

ቢሲኤል-2 ህዋስ ራሱን በራሱ እንዳያጠፋ የሚያግድ ፕሮቲን ነው፤ ይህንንም በሜልቦርን የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 አሳይተዋል። በአብዛኛው ፎሊኩላር ሊምፎማ የ14ኛውና የ18ኛው ክሮሞሶም ክፍሎች ቦታ ስለሚለዋወጡ ፕሮቲኑ ከልክ በላይ ይመረታል፤ መሞት የነበረባቸው ህዋሶችም ይከማቻሉ። ያበጠ የሊምፍ እጢ ይህ ካንሰር ይዞት ይሁን ወይስ ለኢንፌክሽን ምላሽ እየሰጠ፣ ለመለየት ከሚረዱት አንዱ ክሎን 124 የተባለው የአይጥ አንቲቦዲ ነው። ውጤቱ የሚታመነው ግን እዚያው ስላይድ ላይ ያሉት ጤነኛ ህዋሶች በሚጠበቀው መልክ ቀለም ሲይዙ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ከታካሚው ናሙና ጎን ጤነኛ የቶንሲል ቁራጭ በዚያው ስላይድ ላይ ያስቀምጡ። ሌላ ስላይድ ደግሞ ዋናው አንቲቦዲ ሳይጨመርበት ለማነጻጸሪያ ይሠራል።

አሠራሩ

1. ናሙናውን በ10% ገለልተኛ ፎርማሊን ለ24 ሰዓት ያህል ያቆዩ። ቶሎ ፎርማሊን ያላገኘ ቲሹ በኋላ በምንም ዘዴ አይስተካከልም።

2. ናሙናው በፓራፊን ብሎክ ውስጥ ከገባ በኋላ በማይክሮቶም ከ3 እስከ 4 ማይክሮን ውፍረት ይቁረጡ፤ ቲሹን አጥብቆ በሚይዝ ስላይድ ላይ አንሥተው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ሰዓት ያድርቁ።

3. ፓራፊኑን በዛይሊን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 5 ደቂቃ በማቆየት ያስወግዱ። ከዚያ በ100%፣ በ95% እና በ70% አልኮል አሳልፈው ውኃ ውስጥ ያስገቡ።

4. ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያያይዝ አንቲቦዲው የሚፈልገው ቦታ ይሸፈናል። ቦታውን ለመግለጥ ስላይዱን ፒኤች 9 በሆነ የትሪስ-ኢዲቲኤ ፈሳሽ ከ95 እስከ 98 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ያሙቁ፤ በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያቀዝቅዙ። ከዚህ በኋላ ስላይዱ ለአፍታም ቢሆን መድረቅ የለበትም።

5. የቲሹው የራሱ ፐርኦክሳይዴዝ ሐሰተኛ ቀለም እንዳይሰጥ በ3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ ያግዱ፤ በበፈር ይጠቡ።

6. አንቲቦዲውን ይጨምሩ። የተከማቸ ከሆነ ከ1፡50 እስከ 1፡100 ባለው መጠን አቅጥነው በቶንሲል ላይ ይሞክሩ፤ በእርጥብ ሳጥን ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያቆዩና ይጠቡ።

7. ፐርኦክሳይዴዝ የተሸከመውን ፖሊመር ለ30 ደቂቃ ጨምረው እንደገና ይጠቡ።

8. ዲኤቢ ጨምረው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ፕሮቲኑ ያለበት ቦታ ቡናማ ይሆናል። ዲኤቢ ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ ስለሚጠረጠር ጓንት ያድርጉ፣ ፍሳሹንም ለብቻው ያጠራቅሙ።

9. በሄማቶክሲሊን ኒውክለሶችን ሰማያዊ ያድርጉ፤ በአልኮልና በዛይሊን አሳልፈው ይሸፍኑ።

አነባበቡ

ከቶንሲሉ ይጀምሩ። በፎሊክሉ ዙሪያ ያሉት የማንትል ህዋሶችና ቲ-ህዋሶች ሳይቶፕላዝማቸው ቡናማ፣ የጀርሚናል ሴንተር ቢ-ህዋሶች ግን ባዶ መሆን አለባቸው። ሁሉም ቡናማ ከሆነ አንቲቦዲው በዝቷል ወይም ስላይዱ ደርቋል፤ ምንም ካልታየ ወደ 4ኛው ደረጃ ይመለሱ።

ቀጥሎ የታካሚውን ናሙና ይመልከቱ። ቲ-ህዋሶቹ እንኳ ቀለም ካልያዙ ስላይዱ ይደገም እንጂ «ኔጌቲቭ» አይባል። ቲ-ህዋሶቹ ይዘው ፎሊክሎቹ ባዶ ቢሆኑም ጥርጣሬው አያበቃም። ክሎን 124 የሚይዘው የፕሮቲኑን አንድ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው፤ በአንዳንድ ታካሚዎች ያ ክፍል በሚውቴሽን ተቀይሮ ፕሮቲኑ እያለ አንቲቦዲው ያልፈዋል። ሐኪሙ ሊምፎማ ከጠረጠረ እንደ ኢ17 ባለ ሌላ ክሎን ይድገሙ።

ፎሊክሉ ቡናማ ቢሆንም አይቸኩሉ። ጀርሚናል ሴንተር የሌለው ጤነኛ ፎሊክልም ቀለም ይይዛል፤ በጀርሚናል ሴንተር ውስጥ የሚገኙ ቲ-ህዋሶችም እንዲሁ። ሲዲ10ንና ቢሲኤል-6ን ለጀርሚናል ሴንተር፣ ሲዲ3ን ለቲ-ህዋሶች አብረው ያሠሩ። ሌሎች ሊምፎማዎችም ቢሲኤል-2 ስለሚያሳዩ ይህ ቀለም ብቻውን የበሽታውን ዓይነት አይነግርም። በሪፖርቱ ላይ የክሎኑን ስም፣ የቶንሲሉን ውጤትና የቲ-ህዋሶቹን ሁኔታ ያስፍሩ፤ ሌላ ፓቶሎጂስት ውሳኔዎን ሊመረምር የሚችለው በእነዚህ ነው።