«በሬ ላይ የወንድ ጫማ ላስቀምጥ?»

ጥያቄ፦

የ28 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ።

ስገባ የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍያለሁ። ውል ግን የለንም። አከራዬ «አንቺ ልጄ ነሽ፣ በእናትና በልጅ መሀል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ስላሉኝ አፍሬ ተውኩት። በየወሩ 9,000 ብር በእጃቸው እሰጣለሁ። የሚኖሩት እዚያው ብሎክ ምድር ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት ጠርተው «ከመጪው ወር ጀምሮ 12,000 ነው፤ ካልተመቸሽ መልቀቅ ነው» አሉኝ። በእጄ የሚገባው ደመወዝ 17,000 ብር ነው።

የወር ሒሳብ በምንዘጋበት ሰሞን ከቢሮ የምወጣው ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፌ ጎፋ ማዞሪያ ስወርድ ሁለት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ደረጃው ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ዛሬም አመሸሽ?» ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ለጉዳይ መጥቶ አንድ ሌሊት ቢያድር፣ በማግስቱ «ያ ልጅ ማነው?» ተባልኩ። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አከራዬ «ብርድ ልብስሽ ወለል ላይ ወድቆ አንስቼ አጠፍኩልሽ» አሉኝ። የቤቴ ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ጋ እንዳለ ያወቅሁት የዚያን ዕለት ነው።

እንደ እኔ ብቻዋን የምትኖር ጓደኛዬ «አንድ ጥንድ የወንድ ጫማ ገዝተሽ በርሽ ላይ አስቀምጪ፣ ሁሉም አርፎ ይቀመጣል» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ በደወለች ቁጥር «አግቢና ተገላገይ» ነው የምትለኝ። አከራዬ ዋጋ መጨመርና ማስወጣት ይችላሉ? ማን ገባ ማን ወጣ ብለው የመጠየቅስ መብት አላቸው? ደባል ላስገባ ወይስ የጓደኛዬን ምክር ልስማ?

ብቻዬን ነኝ፣ ከጎፋ

መልስ፦



ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያልኩት ብርድ ልብሱ ላይ ነው። ከኪራይ ጭማሪው ይልቅ የኑሮሽን መልክ የሚያሳየው እሱ ነው። አከራይሽ የገቡት ሊሰርቁሽ አይደለም፤ ብርድ ልብስሽን አጥፈው ወጡ፣ መግባታቸውንም ራሳቸው ነገሩሽ። ጥፋት እንደሠሩ ፈጽሞ አልታያቸውም። ልጃቸው ነሻ! እናት የልጇን ክፍል ስትገባ አታንኳኳም።

ችግርሽ የጀመረው «ልጄ ነሽ» በተባልሽ ቀን ነው። ቃሉ ፍቅር አለበት፤ በዓል ሲሆን ጠርተው አብልተውሽ፣ ሲያምሽ ሾርባ ይዘውልሽ መጥተው ይሆናል። ግን ልጅ ውል አትጠይቅም፣ ልጅ አምሽታ ስትገባ ትጠየቃለች፣ ልጅ ሲቆጧት ዝም ትላለች። ከጎንሽ ባለው በር ባልና ሚስት ቢከራዩ ኖሮ «ልጆቼ ናችሁ» ተብለው ውላቸው አይቀርም ነበር። የብቻ ሴት ተከራይ በከተማችን ብዙ ጊዜ የሚደርስባት ይሄ ነው፤ ኪራዩን እንደ ተከራይ ትከፍላለች፣ የምትተዳደረው ግን እንደ ልጅ ነው። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ልጅነቱን ቀስ ብለሽ ትተሽ ተከራይና ጎረቤት ሁኚ። ተከራይ የሚያደርግሽ ወረቀት ነው። ጎረቤት የሚያደርግሽ ደግሞ ሌላ ነው፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ሕጉን ልንገርሽ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የወጣው እንዳንቺ ላለው ሰው ነው። በአዋጁ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በ30 ቀን ውስጥም በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል፤ በአዲስ አበባ ይህ የሚደረገው በወረዳ ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ስለዚህ አንቺ የከፈልሽው የሦስት ወር ቅድሚያ ከሕጉ ውጪ ነው። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነው። ጭማሪም አከራዩ በፈለገ ጊዜ የሚያስታውቀው ነገር አይደለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው መጠን ሳያልፍ ነው። ከ9,000 ወደ 12,000 በአንድ ጊዜ መዝለል ማለት የኪራዩን ሲሶ መጨመር ነው።

ማስወጣትስ? ሕጉ ተከራይ የሚወጣበትን ምክንያት ዘርዝሯል፤ ኪራይ አለመክፈል፣ ቤቱን ያለፈቃድ ለንግድ ማዋል፣ ጎረቤትን ደጋግሞ ማወክና የመሳሰሉት ናቸው። ያላገባች መሆን፣ አምሽቶ መግባት፣ ወንድምን ማሳደር ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

አሁን ደግሞ የማይጥምሽን እውነት ስሚ። ሕጉ ካንቺ ጋር ነው፣ ማስረጃ ግን በእጅሽ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በእጅ ስትሰጪ የኖርሽው ብር የትም አልተጻፈም። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራይሽን በባንክ ወይም በቴሌብር ላኪ፤ የክፍያው ምክንያት ላይም «የእገሌ ወር የቤት ኪራይ» ብለሽ ጻፊ። አንድ መስመር ጽሑፍ ናት፤ ነገር ከመጣ ግን ከአሥር ምስክር ትበልጣለች።

ቁልፉን በተመለከተ፣ ኪራይሽን እስከከፈልሽ ድረስ ቤቱ ያንቺ መኖሪያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወትና መኖሪያ ቤት የተከበረ መሆኑን ይደነግጋል፤ «ያገባ ሰው» አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ተከራይ በቤቱ በሰላም እንዲገለገል ኃላፊነቱን የጣለው በአከራይ ላይ ነው። አከራይሽ የቤታቸውን ይዞታ ማየት ቢፈልጉ ነግረውሽ፣ አንቺ ባለሽበት ያያሉ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለውን ግን ሊጠይቁሽ ይችሉ ይሆናል እንጂ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም። ወንድምሽ መሆኑን ግን በፈገግታ ብትነግሪያቸው የሚጎዳሽ ነገር የለም። መብት አለሽ ማለት ሁልጊዜ ትሟገቺበታለሽ ማለት አይደለም።

ብዙ ወጣቶች አዋጁን በስልካቸው ይዘው አከራይ ፊት ይቆሙና በማግስቱ ዕቃቸውን ይሸክማሉ። አንቺ ከዚያ በፊት ሴትዮዋን አስቢያቸው። በየኮንዶሚኒየሙ ልጆቻቸውን ለብቻቸው አሳድገው፣ የባንክ ዕዳቸውን በየወሩ ከጉሮሯቸው ነጥቀው የከፈሉ እናቶች አሉ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ይያዝ የነበረውም በከንቱ አይደለም። አንዳንዷ እናት ኑሮዋ ያቺ ኪራይ ናት። ውል የሚሸሹትም አብዛኛውን ጊዜ አንቺን ንቀው ሳይሆን የኪራይ ገቢ ግብር ፈርተው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ቡናው ሲፈላ ግቢና እንዲህ በያቸው፦ «እትዬ፣ ሁለት ዓመት እንደ እናቴ አኑረውኛል። አሁን ግን ውል አለማስመዝገብ በአዋጁ ስለሚያስቀጣ እርስዎም እኔም ችግር ውስጥ እንዳንገባ ወረዳ ሄደን እንፈራረም።» እንዲህ ስትይ ጥፋቱ የሳቸው መሆኑ ይቀርና የመንግሥት ትእዛዝ ይሆናል። ፊታቸውን አላጠቆርሽም። ስለ ዋጋውም ለመነጋገር ዝግጁ ሁኚ። ውሉ ላይ ትርፍ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥና መቼ ብቻ እንደሚያገለግል አንድ መስመር አስጽፊ፤ ለምሳሌ ቧንቧ ፈንድቶ አንቺ ስልክ ካላነሳሽ። እስከዚያው ድረስ በውስጥ በኩል ጠንካራ መቀርቀሪያ አስገጥሚ።

እሺ ካላሉ ወረዳው ቅሬታ ይቀበላል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ግን ከዚያ በፊት የመልቀቅን ዋጋም በወረቀት ላይ አስሊው፤ የሒሳብ ሰው ነሽና። የሁለት ወር ቅድሚያ፣ የደላላ፣ የጭነት መኪና፣ ከዚያም የማታውቂው ሰፈርና የማያውቅሽ ደረጃ።

ይሄ የመጨረሻው ነው ወደ ጎረቤትነት የሚመልሰን። እኔም በ1980ዎቹ ተመርቄ እንደወጣሁ ቄራ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የግቢው በር ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይቆለፋል። እኔም ለሐሜት አልመችም ብዬ ከሰው አልገጥምም ነበር፤ ሰላም ብዬ እገባለሁ፣ ሰላም ብዬ እወጣለሁ። አንድ ሰሞን ታይፎይድ ጥሎኝ ሦስት ቀን ሳልነሳ ሰነበትኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ክፋት አልነበረም፤ መኖሬንም አለመኖሬንም የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። በአራተኛው ቀን አጥሚት ይዛ የገባችው ከጎኔ ያለችው ልብስ አጣቢ ናት። «መብራትሽ ሳይበራ ሦስት ቀን ሆነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቡና ሲጠሩኝ ቀርቼ አላውቅም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ትርጉሙ የገባኝ ያኔ ነው።

ብቻዋን የምትኖር ወጣት እድር መግባት የባለትዳር ነገር ይመስላታል። አይደለም። የሰፈሩን እድር፣ በተለይ የሴቶች እድር ካለ እሱን፣ ጠይቂ። የወር መዋጮው አይከብድም፤ አንዴ ድንኳን ሥር ሰሐን ስታጥቢ ከታየሽ በኋላ «ያቺ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው» መባልሽ ይቀርና በስምሽ ትጠሪያለሽ። ታኅሣሥ 19 ቀን ጎፋ ገብርኤል ሲነግሥ ከደረጃሽ ሴቶች ጋር አብረሽ ውረጂ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን አራተኛ ፎቅ ላሉት እናት አንድ ጀሪካን ብታወጪላቸው፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ዛሬም አመሸሽ?» የሚለው ጥያቄ ሌላ ድምፅ ይኖረዋል። ያኔ ጥያቄው ጭንቀት እንጂ ክትትል አይሆንም። የብሎኩን ጥበቃም በስሙ ሰላም በይው፤ በበዓልም አትርሺው። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከጎፋ ማዞሪያ ወርደሽ ስትገቢ በዓይኑ የሚሸኝሽ እሱ ነው።

ስለ ማታው መንገድ አንድ ነገር ልጨምር። የታክሲ ጥሪ አገልግሎቱን ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ሐሳቡ የመጣላት ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ ፍለጋ ስትቸገር ነው። ዛሬ ራይድ የሚጠራበት 8294 የአንዲት ያመሸች ሠራተኛ ችግር የወለደው ነው። በየቀኑ አቅምሽ አይችለው ይሆናል፤ ሒሳብ በምትዘጉበት ሳምንት ግን ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ለሁለት ለሦስት ተካፍላችሁ ተሳፈሩ። የመኪናውን ታርጋ ለጓደኛሽ ላኪ። አደጋ ካለ የፖሊስ ቁጥር 991 ነው።

ደባልን በተመለከተ፣ ኪራዩን ለማገዝ ከሆነ ጥሩ ነው። አከራይሽ ሳይስማሙ ግን አታስገቢ፤ ስሟም ውሉ ላይ ይግባ። ለሰው አፍ ብለሽ ከሆነ ግን አትድከሚ፤ የሰው አፍ አንቺን ትቶ እሷን ይይዛል።

እናትሽንም አትቀየሚያቸው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ቁጥሩ 23.9 ነው። እናትሽ የሚናገሩት ከመጀመሪያው ቁጥር ሆነው ነው፣ አንቺ የምትኖሪው በሁለተኛው ቁጥር ከተማ ነው። «አግቢና ተገላገይ» ሲሉሽ የሚጨነቁት ማን ይጠብቃታል ብለው ነው። ውልሽን፣ እድርሽን፣ ጎረቤትሽን ስትነግሪያቸው ጭንቀቱ ይቀንሳል። ትዳርን በጊዜው፣ ለራሱ ሲሉ ይገቡበታል እንጂ ከአከራይ ለመሸሽ አይገቡበትም።

በመጨረሻ ጫማው። አትግዢ። ሌባ ለማስፈራራት ታስቦ ከሆነ፣ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የተቀመጠ ጫማ መጀመሪያ የሚሰረቀው እሱ ነው። ጎረቤትን ለማሳመን ከሆነም በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ያልታየ ጫማ ራሱ ወሬ ይሆናል። አከራይሽም «ልጄ፣ ያ ጫማ የማነው?» ማለታቸው አይቀርም። በዚያ ገንዘብ የበርሽን መቀርቀሪያ አስገጥሚ፣ የሚተርፈውን የእድር መግቢያ አድርጊው። ውሉንም በፈረማችሁ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፤ አንዱ ቅጂ አንቺ ጋ ይቀመጥ።