ጋዜጠኝነት ለሚማር የደሴ ልጅ፦ ከምደባ እስከ ቅጥር

ዲግሪ ብቻ ይዞ የሚመረቅ ጋዜጠኛ ሥራ ፍለጋው ይከብደዋል። ቀጣሪ የሠራችሁትን ማየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምር።

ወሎ ዩኒቨርሲቲም ብትመደቡ ሌላ ቦታ፣ ትምህርት ክፍል የምትመርጡት የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ከወሰዳችሁ በኋላ ነው። ውጤት ስለሚወስን ሒሳቡንም እንግሊዝኛውንም አትናቁ።

ክፍሉን ከያዛችሁ በኋላ የምትከታተሉትን አንድ ጉዳይ ምረጡ። የደሴ አካባቢ በዜና የታደለ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ፣ ፋብሪካዎችና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በደሴ ገበያው፣ ፍርድ ቤቱና የ2014ቱ ጦርነት ጠባሳ አለ። ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» ዓምዱ ስሙ የገነነው የአንባቢን ጥያቄ ተከታትሎ መልስ በማምጣት ነው። እናንተም ሰዉ ከሚጠይቀው ተነሡ።

የጤፍ ዋጋ ጨመረ እንበል። ነጋዴውን ብቻ ሰምታችሁ አትጻፉ፤ ሸማቹን፣ ገበሬውንና የንግድ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ስም፣ ኃላፊነትና ቀን በማስታወሻችሁ ይስፈር። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ያዙ፤ ያለ እሱ ብዙ ቢሮ አያነጋግራችሁም። ከዚያ ያንኑ ጉዳይ አንዴ ለጋዜጣ፣ አንዴ ለሬዲዮ ጻፉት፤ ለጆሮ የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር አጭር መሆኑን የምትማሩት እዚህ ላይ ነው። በወር አንድ እንዲህ ያለ ዘገባ ሥሩ፤ ለተግባር ልምምድ ስትወጡ አየር ላይ የዋለላችሁንም ቅጂ አስቀሩ።

ቋንቋ ጨምሩ። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞ፣ በኽምጥኛና በአዊኛም ያሰራጫል። አፋን ኦሮሞ የሚነገርባት ከሚሴ ለኮምቦልቻ ጎረቤት ስለሆነች ቋንቋውን ከሰዉ ጋር እየተነጋገሩ መማር ይቻላል።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013ንና የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012ን ራሳችሁ አንብቡ። መብታችሁንም ተጠያቂነታችሁንም ከሌላ ሰው አፍ አትስሙ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ መሆኑንም አትርሱ።

ስትጨርሱ አሚኮ፣ ኢዜአ፣ ኢቢሲና የግል ጣቢያዎች አሉ። የዞንና የከተማ ኮሙዩኒኬሽን ቢሮዎች፣ ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና የእርዳታ ድርጅቶችም የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ይቀጥራሉ። የተከበረ ሥራ ነው፤ ግን የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ለመሥሪያ ቤቱ ይናገራል፣ ጋዜጠኛ ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ስለ ሕዝብ ይጠይቃል። ከመፈረማችሁ በፊት የትኛውን እንደምትሠሩ ወስኑ።