የተሰጠው ነገር ለመልስ የሚበቃ መኾኑን ስለ መመርመር

ሒሳብ የሚማር ልጅ ጥያቄ በቀረበለት ጊዜ ወዲያው ለመደመርና ለማባዛት ይቸኩላል። ነገር ግን ዳኛ ምስክር ሳይሰማ መፍረድ እንደማይገባው፥ ተማሪም የተሰጠው ነገር ለመልሱ መብቃቱን ሳይመረምር ወደ ስሌት መግባት አይገባውም። በአልጀብራ ትምህርት ይህን ለይቶ ማወቅ ከስሌቱ የሚያንስ ዕውቀት አይደለም።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ሞጆ ሲደርስ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዳማ፥ ሌላው ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ይሄዳል። እንግዲህ «ሁለት መኪናዎች ከሞጆ ተነሥተው አንዱ 15፥ ሁለተኛው 20 ኪሎሜትር ሄደ፤ በመንገዱ ሲለካ በመካከላቸው ስንት ኪሎሜትር አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ አንዱ ተማሪ 5 ይላል፤ ሌላው 35 ይላል። መኪናዎቹ በአንድ መንገድ ሄደው እንደ ኾነ 5፥ በተለያየ መንገድ ሄደው እንደ ኾነ 35 ነው። መንገዱ ግን አልተነገረም። ስለዚህ እውነተኛው መልስ «የተሰጠው አይበቃም» የሚል ነው። ሥርዐቱም ይህ ነው፤ በተሰጠው ነገር ሁለት የተለያዩ መልሶች ሊስማሙ ከቻሉ፥ የተሰጠው አይበቃም።

ሁለት ቃሎች በተሰጡ ጊዜ አስቀድሞ አንደኛውን ብቻውን፥ ቀጥሎ ሁለተኛውን ብቻውን፥ በመጨረሻም ሁለቱን ባንድነት መመርመር ይገባል። ለዚህ ባሕረ ሐሳብ መልካም ምሳሌ ይኾናል። በሽማግሎች ፊት የቀረበ አንድ የመሬት ውል ዓመቱን በቍጥር ሳያመለክት «በዘመነ ሉቃስ፥ አበቅቴ 1 በኾነ ጊዜ» ብቻ ይላል እንበል። ውሉ ከ1942 እስከ 2017 ዓ.ም. ባሉት 76 ዓመቶች ውስጥ መጻፉም ታውቋል። ወንጌላዊው በየ4 ዓመቱ ስለሚመለስ፥ ዘመነ ሉቃስ ብቻውን 19 ዓመቶችን ያመለክታል፤ አይበቃም። አበቅቴ በየ19 ዓመቱ ስለሚመለስ፥ አበቅቴ 1 ብቻውን 1960ን፥ 1979ን፥ 1998ንና 2017ን ያመለክታል፤ ይህም አይበቃም። ሁለቱ ባንድነት ሲመረመሩ ግን 1960 ዮሐንስ፥ 1979 ሉቃስ፥ 1998 ማርቆስ፥ 2017 ማቴዎስ ነውና፥ ውሉ የተጻፈው በ1979 ዓ.ም. መኾኑ ይታወቃል። የዘመኑ ወሰን ባይነገር ኖሮ ግን 1903ም ሊስማማ ይችል ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ ማኅተም በሚለው በ76 ዓመት ሁለቱ ምልክቶች አብረው ይመለሳሉና። ወሰኑን የዘነጋ ሽማግሌ የአያትን ውል ከልጅ ልጅ ውል ሳይለይ ሊፈርድ ይችላል።

ሁለት ቃል ኹሉ ሁለት ምስክር አይደለም። በአዳማ ገበያ አንድ ሰው «2 ኪሎ ሽንኩርትና 3 ኪሎ ቲማቲም በ190 ብር ገዛሁ» ቢል፥ ሁለተኛውም «4 ኪሎ ሽንኩርትና 6 ኪሎ ቲማቲም በ380 ብር ገዛሁ» ቢል፥ የሁለተኛው ቃል የፊተኛው እጥፍ ነው እንጂ አዲስ ነገር አልጨመረም። ሽንኩርቱ በ50፥ ቲማቲሙ በ30 ብር ቢኾን ሁለቱም ቃሎች ይስማማሉ፤ ሽንኩርቱ በ35፥ ቲማቲሙ በ40 ብር ቢኾንም ይስማማሉ። ስለዚህ የሽንኩርቱን ዋጋ ለማወቅ አይበቃም። ነገር ግን ጥያቄው «6 ኪሎ ሽንኩርትና 9 ኪሎ ቲማቲም ስንት ያወጣል?» የሚል ቢኾን፥ የፊተኛው ቃል ብቻውን ይበቃል፤ መልሱም 570 ብር ነው። መብቃትና አለመብቃት የሚለየው በተጠየቀው ነገር መኾኑን ከዚህ ማስተዋል ይገባል።

ደግሞም አንድ ቃል ብቻ ሲበቃ ይገኛል። ደብተር በ7 ብር፥ እርሳስ በ5 ብር ሲሸጥ፥ ልጁ ከሁለቱም ገዝቶ በጠቅላላው 24 ብር ከፈለ እንበል። ደብተሩን ሀ፥ እርሳሱን ለ ብንለው፥ 7ሀ + 5ለ = 24 ይኾናል። 1 ደብተር ቢገዛ 17 ብር፥ 3 ቢገዛ 3 ብር ይተርፋል፤ እነዚህም ለ5 እኩል አይካፈሉም። 2 ደብተር ቢገዛ ግን 10 ብር ተርፎ 2 እርሳስ ይገዛል። ደብተርና እርሳስ ተቈርሶ ስለማይሸጥ ሌላ መልስ የለም። በኪሎ የሚሸጥ እህል ቢኾን ግን ግማሽና ሩብ ስለሚገዛ ይኸው ቃል አይበቃም ነበር።

መምህራን በየሳምንቱ ከሚሰጡት ጥያቄ መካከል አንዱን ኾን ብለው አጉድለው ቢያቀርቡ መልካም ነው። «አይበቃም» የሚል ተማሪ የሚስማሙ ሁለት የተለያዩ መልሶችን ያሳይ፤ «ይበቃል» የሚልም ከአንድ በቀር ሌላ መልስ እንደማይገኝ ያስረዳ። በዚህ የለመደ ልጅ ነገ ውል ሲዋዋል፥ ዕዳ ሲተሳሰብ፥ በሽምግልናም ሲቀመጥ፥ የጐደለውን በግምት ከመሙላት ይልቅ ጠይቆ ማወቅን ያስቀድማል።