ሥልጠና ለወንድና ለሴት፦ መነሻውና መድረሻው

ጠዋት ጠዋት ከአራዳ ጊዮርጊስ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርደን ሽቅብ ስንመለስ ወንዶቹ ይቀድማሉ። «ሴት ልጅን ስፖርት አይሆናትም» የሚለው ቀልድም ያኔ ይነሳል። እስቲ ነገሩን እንመርምረው።

በልዩ ልዩ አገር ወታደሮች ላይ የተደረገው ጥናት ሁለት ነገር ያስተምረናል።

አንደኛ፣ መነሻው ይለያያል። በሴት ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን በአማካይ ከወንድ 10 በመቶ ያህል ያንሳል፤ የክንድና የትከሻ ጉልበቷም እንደዚሁ ያንሳል።

ሁለተኛ፣ ከየመነሻቸው ሲለካ መሻሻላቸው ተቀራራቢ ነው፤ አንዳንዴም የሴቷ ይበልጣል።

ጉዳት የሚመጣው ሁሉም በአንድ እርምጃ ሲነዳ ነው። አጭሯ ምልምል ከረጅሙ ጋር እግር ለማስተካከል ስትንጠራራ የእግርና የዳሌ አጥንቷ ቀስ በቀስ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለዚህ እኛ የነገ መምህራን፦
ሀ) ሰልፉን በቁመትና በአቅም እንከፋፍል፤
ለ) ጭነቱን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እንጨምር፤
ሐ) ተማሪን ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከራሱ የመጀመሪያ ሳምንት ጋር እናወዳድር።

የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ ለሴቶች ውድድሩ አልነበረም። ኦሎምፒክ የገባው በ1976 ዓ.ም. ነው። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ አሸነፈች። መንገዱ ሲከፈትላት ደረሰች ማለት ነው።