ምእመናን ለአንድ መንደር ሥራ ስለ መተባበራቸው

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሁላችንም ሰምተነዋል። ነገር ግን ድሩ እንዴት እንደሚያብር፥ በየት በኩልም እንደሚበጠስ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። እኔ የላንቴ ልጅ ነኝ። በመንደራችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶና የወንጌላውያን ምእመናን ጐን ለጐን ይኖራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ጣሪያ ሥር እናት ወደ አንዱ፥ ልጅ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ስለዚህ የእነዚህ ጉባኤዎች ተባብሮ መሥራት ምን እንደሚጠቅም፥ ምን እንደሚያሰናክለው፥ በምንስ ደንብ እንደሚጸና ያየሁትንና የተማርሁትን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ላቀርብ አስቤአለሁ።

1ኛ፤ መተባበር ማለት ምን ማለት ነው

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሃይማኖትን ማዋሐድ ሌላ ነው፤ በሥራ መተባበር ሌላ ነው። ሰው መሠዊያውን ሳይለውጥ፥ ጾሙን ሳይሽር፥ መዝሙሩንም ሳይተው ከጐረቤቱ ጋር አካፋ ሊይዝ ይችላል። ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ እድርን እንመልከት። በብዙ ሥፍራ እድር ድንኳን የሚተክለውና ለቅሶ የሚደርሰው የሟቹን ሃይማኖት ጠይቆ አይደለም። የቀብሩን ሥርዓት ለየቤተ እምነቱ ይተዋል፤ ሐዘንተኛውን የማጽናናቱን ሥራ ግን በጋራ ይሠራል። እንግዲህ የመተባበር ትርጉም በእድራችን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው።

2ኛ፤ ከአገራችን የተወሰዱ ምሳሌዎች

ይህ ነገር በመንደር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በወሎና በትግራይ ረሀብ በጸና ጊዜ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973፥ በኢትዮጵያ የሚሠሩ አብያተ ክርስቲያናትና የክርስቲያን ርዳታ ድርጅቶች አንድ የጋራ ማኅበር አቁመው ርዳታን ማስተባበር ጀመሩ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ ሁሉም እህሉን ለየብቻው ቢጭን አንዱ መንደር ሁለት ጊዜ ሲቀበል ሌላው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

እንዲሁም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ተመሠረተ። በእርሱም ውስጥ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፥ የእስልምና፥ የካቶሊክ፥ የመካነ ኢየሱስና የሌሎችም ተቋማት መሪዎች ተቀመጡ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ይህ ጉባኤ የአንድ ወር አገር አቀፍ ጸሎት ባወጀ ጊዜ ሕዝቡ የየእምነቱን አባቶች ጸሎት በቴሌቪዥን ከየቤቱ ተከታተለ።

ለእኛ ለጋሞ ልጆች ግን ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ መፈጸሙ በተሰማ ጊዜ በአርባ ምንጭ ብዙ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በባህላችን እርጥብ ሣር የሰላም ምልክት ነው፤ አባት ሣር ይዞ ከተንበረከከ በኋላ ረግጦ ማለፍ ነውር ነው። ወጣቶቹም ተመለሱ። ያን ጊዜ እኔ ገና ሕፃን ነበርሁ፤ ታሪኩን ግን በየቤቱ ሲነገር እየሰማሁ አደግሁ። ከዚህም የምንማረው፥ ሁሉም የሚያከብረው አንድ ነገር ካለ ቁጣ እንኳ ሊቆም እንደሚችል ነው። ነገር ግን እሳት ከተነሣ በኋላ መሮጥ ብቻ አይበቃም፤ ሳይነሣም አብሮ የመሥራት ልማድ ያስፈልጋል።

3ኛ፤ በላንቴ ያየሁት

የላንቴ ኑሮ በሙዝ ነው፤ ሙዙም የመስኖ ውኃ ይፈልጋል። ቦይ በደለል ሲደፈን ውኃው ከመንገዱ ወጥቶ በየጥጉ ያቁራል፤ ያቆረ ውኃም የወባ ትንኝ መራቢያ ነው። የእንግሊዙ ሐኪም ሮናልድ ሮስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 የወባን ተሐዋስያን በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ አግኝቶ አሳይቷል። በሽታውን የምታስተላልፈው ሴቲቱ የአኖፊለስ ትንኝ ናት። በሞቃት አገር ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ 10 ቀን ያህል ይበቃታል። ስለዚህ ያቆረውን ውኃ በየሳምንቱ ቢያፈስሱት ትሉ ትንኝ ሳይሆን ይሞታል። ወባ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስለን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በጥቅምት ወር ታናሽ እኅቴ በወባ ታመመች። በሌሊት ስትንቀጠቀጥ ሁለት ጋቢ ደርበንላት እንኳ አልሞቃትም። በማግሥቱ ጤና ኬላ ወስደን መድኃኒት ተሰጣትና ዳነች። አባቴ ከዚያ በኋላ ወስዶ አንድ ጉድጓድ አሳየኝ። ጉድጓዱ በሁለት እርሻዎች ድንበር ላይ ነበር፤ አንደኛው ባለ እርሻ ከአንዱ ጉባኤ፥ ሁለተኛው ከሌላው ነበሩ። በዚያው ሰሞን የሁለቱም ጉባኤ ወጣቶች የየራሳቸውን ግቢ ጠርገውና አጥር አጥረው ነበር። ጉድጓዱ ግን በማንም ግቢ ውስጥ ስላልነበረ የሚነካው ሰው አልተገኘም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ በየግቢያችን ያለውን እያንዳንዳችን እንሠራዋለን፥ በግቢዎቻችን መካከል ያለው ግን ካልተባበርን አይሠራም።

ወጣቶች ተሰብስበን ስንነጋገር የመጀመሪያው ስብሰባ ፈረሰ። የተጣላነው በሥራው አይደለም፤ ሥራውን በጸሎት የሚከፍተው ማን ነው በሚለው ነው። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ከተከራከሩት አንዱ ነበርሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። በሁለተኛው ስብሰባ አንድ ሽማግሌ፥ «ልጆቼ፥ ትንኟ ከመንከሷ በፊት የማን ልጅ ነህ ብላ ትጠይቃለች እንዴ?» አሉን። ከዚያም በኋላ ሁሉም በየቤተ እምነቱ ጸልዮ እንዲመጣ፥ በቦዩ ዳር ግን የአገር ሽማግሌ በአገሩ ወግ መርቆ ሥራው እንዲጀመር ተስማማን።

የቀኑም ነገር ብዙ አነጋገረ። እሑድ የሁሉም የአምልኮ ቀን ነው፤ የገበያና የበዓል ቀንም አይሆንም። ስለዚህ በየ15 ቀኑ አንድ ከሰዓት በኋላ ተመረጠ፤ በየሳምንቱ መሆን የሚገባውን ውኃ የማፍሰስ ሥራ ደግሞ አራት አራት ልጆች በተራ ያዙት። ምግቡም የበቆሎ ንፍሮና ሙዝ ሆነ፤ የጾመውም ያልጾመውም አብሮ ይበላዋልና። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ገበታ የማይቀመጥ ሰው በአንድ ቦይ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይቆምም።

ከዚያ ወዲህ ወባ ከመንደራችን ጠፋ ብዬ አልናገርም፤ ቢነገርም ሐሰት ይሆናል። ጉድጓዱ ግን ደርቋል፤ አሁን ጎደሬ ተተክሎበታል።

4ኛ፤ ስለ ጥናት ሰዓት

ሁለተኛው ሥራችን ለወጣቶች ነበር። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ተማሪ ሁሉ ሆዱ ይሸበራል። ብዙዎቻችን ማታ የምናጠናበት ጸጥ ያለ ሥፍራ የለንም። ስለዚህ ሁለቱ ጉባኤዎች አዳራሾቻቸውን በየሳምንቱ እየተፈራረቁ እንዲከፍቱልን ተደረገ፤ ትምህርታቸውን የጨረሱ ታላላቆቻችንም ሒሳብና ፊዚክስ ሊያስረዱን ፈቀዱ።

በአምስተኛው ሳምንት ግን ከእኔው ወገን የሆነ አንድ አስጠኚ በጥናት መካከል የስብከት ወረቀት አደለ። ክፉ አላሰበም። ነገር ግን በሚቀጥለው ቀን ከአዳራሹ ወንበሮች ግማሹ ባዶ ሆነ። አንዲት እናት፥ «ልጄን የላክሁት ለሒሳብ ነበር» ብለው አለቀሱ። አስጠኚውና የእኛ ሽማግሌዎች በየቤቱ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎችም ተመለሱ። ሁሉም ግን አልተመለሱም። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ ሒሳብ ይሠራ የነበረው ጓደኛዬ አባቱ ስለ ከለከሉት እስከ ዛሬ አልመጣም። አባቱን አልወቅሳቸውም። እምነት የሚጣልበትን ነገር ለመሥራት አራት ሳምንት ፈጅቶብን ነበር፤ ለማፍረስ ግን አንድ ወረቀት በቃው።

5ኛ፤ ደንቦች

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ለማንኛውም መንደር ይጠቅማሉ ያልኋቸውን ደንቦች እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

ሀ) ሥራው ከማንም ግቢ ውጭ ያለና ሁሉን የሚነካ ይሁን፤ እንደ ቦይ፥ እንደ ድልድይ፥ እንደ ጥናት ያለ።

ለ) አምልኮ በየቤቱ ይሁን፤ በሥራው ሰዓት አንዱ ሌላውን ለማስለወጥ አይሞክር። ርዳታ ወጥመድ ከሆነ ርዳታ መሆኑ ይቀራል።

ሐ) ቀኑና ምግቡ ማንንም የማያስቀር ይሁን።

መ) ገንዘብ ከተዋጣ ከየጉባኤው አንድ አንድ ሰው በጋራ ይያዘው፤ ሒሳቡም በሁሉ ፊት ይነበብ።

ሠ) ስሕተት ሲደርስ የተሳሳተው ወገን ራሱ ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ሌላው እስኪከስሰው አይጠብቅ።

ማጠቃለያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላል። የላንቴ ወጣቶች ሎሚውን መካፈል የጀመርነው በቅርቡ ነው፤ ገና ብዙ ይቀረናል። ውድ አንባቢ ሆይ፥ አንተም በመንደርህ፥ አንቺም በመንደርሽ የማንም ያልሆነውን ጉድጓድ ፈልጉ። ካገኛችሁትም የማን ነው ብላችሁ ከመከራከር በፊት አካፋ አምጡ። እኔ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ጨርሼ አንድ የቀረኝ ሥራ አለ፤ ከፈተናው በፊት የሒሳብ ደብተሬን ይዤ ወደ ጓደኛዬ ቤት እሄዳለሁ። በአዳራሹ ማጥናት ካልተፈቀደለት፥ አባቱ ከፈቀዱልን በእነርሱ ደጅ እናጠናለን።