የውሻ ዝርያ፣ የሰውነት መጠንና ለፖሊስ ሥራ ያለው ተስማሚነት፦ ከግዳጅ ዓይነት አንጻር የቀረበ ምርመራ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ የውሻ ዝርያና የሰውነት መጠን ለፖሊስ ሥራ በሚደረግ ምርጫ ውስጥ ሊኖራቸው የሚገባውን ድርሻ ይመረምራል። ለዚህም ዓለም አቀፉ የውሻ ዝርያዎች ፌዴሬሽን ያጸደቃቸው የዝርያ መለኪያዎች፣ የፖሊስ ውሾች ታሪክ እንዲሁም በቅርብ ዓመታት የታተሙ ሦስት የምርምር ሥራዎች በንጽጽር ተፈትሸዋል። ምርመራው የሚያመለክተው የሰውነት መጠን በግዳጁ ዓይነት የሚወሰን እንጂ በራሱ ብልጫ አለመሆኑን፣ ዝርያም ዕጩዎችን ለማጣራት የሚያገለግል የመጀመሪያ ወንፊት እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑን ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የፖሊስ ውሻ፣ አነፍናፊ ውሻ፣ የሰውነት መጠን፣ ዝርያ፣ የዕጩ ምርጫ

1. መግቢያ

የፖሊስ ውሻ ሲነሣ በብዙዎች አእምሮ የሚሣለው ግዙፍ፣ ጆሮው የቆመና ጥርሱን የሚያሳይ እንስሳ ነው። ከዚህ ሥዕል የሚመነጨው ግምት ውሻው በገዘፈ ቁጥር ለሥራው ይበልጥ ይበቃል የሚል ነው። ግምቱ በተራ ወሬ ደረጃ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ ውሻ በሚገዙ፣ በሚያሠለጥኑና በሚያሰማሩ ተቋማት ውሳኔ ውስጥ ሲገባ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ያለአግባብ የተመረጠ ውሻ የተደበቀ ፈንጂን ሳያገኝ ሊያልፍ፣ ተጠርጣሪን ከሚገባው በላይ ሊጎዳ፣ ወይም ገና በሥራ ዘመኑ አጋማሽ በመገጣጠሚያ ሕመም ከአገልግሎት ሊሰናበት ይችላል። ጉዳቱ በሰው ሕይወት፣ በሕዝብ ገንዘብና በእንስሳው በራሱ ላይ የሚደርስ ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ ሁለት ጥያቄዎችን ይዞ ይነሣል። አንደኛ፣ የሰውነት መጠን ለልዩ ልዩ የፖሊስ ግዳጆች ምን ይጨምራል፣ ምንስ ይቀንሳል? ሁለተኛ፣ የዝርያ ስም ስለ አንድ ውሻ ችሎታ ምን ያህል ይናገራል?

2. ታሪካዊ ዳራ

የተደራጀ የፖሊስ ውሻ አገልግሎት መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው እ.ኤ.አ. በ1899 በቤልጅየም የጌንት ከተማ የተጀመረው ነው። ከተማዋ ለሌሊት ጥበቃ ከፖሊሶች ጋር ያሰማራችው የአገሩን እረኛ ውሾች ነበር። በዚያው ዓመት በጀርመን በማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ መሪነት የጀርመን ሼፐርድ ማኅበር ተመሠረተ፤ ሽቴፋኒትስም ከመልክ ይልቅ የሥራ ችሎታ የዝርያው ዋና መለኪያ እንዲሆን የተሟገተ ሰው ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ ምድር ባቡር ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1908 የሃል ወደብን ለማስጠበቅ የመረጠው ኤርዴል ቴሪየርን ነው። ይህም ዝርያ ቆይቶ በጀርመን ሼፐርድ ተተክቷል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። እንደ ማስቲፍና ግሬት ዴን ያሉ ከእረኛ ውሾች እጅግ የሚገዝፉ ዝርያዎች በዘመኑ አውሮፓ ውስጥ ነበሩ፤ ሆኖም ምርጫው በእነርሱ ላይ አላረፈም። እረኛ ውሻ ቀኑን ሙሉ ከመንጋ ጋር እንዲሮጥ፣ ከሩቅ የሚሰጠውን ትእዛዝ እንዲቀበልና መንጋውን ሳያቆስል እንዲያግድ በብዙ ትውልድ ተመርጦ የተራባ ነው። ፖሊስ የሚፈልገውም ይህንኑ ጽናት፣ ታዛዥነትና የተገደበ ኃይል ነው። እንግዲህ መካከለኛ መጠን ከመጀመሪያው የሥራው አካል ሆኖ ቆይቷል ማለት ይቻላል።

3. የዋና ዋና ዝርያዎች መጠን

በፖሊስ ሥራ የሚታወቁ ዝርያዎች በመጠናቸው እጅግ ይለያያሉ። ከዚህ በታች የተመለከተው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን መለኪያ ነው። ቁመቱ ከመሬት እስከ ትከሻ ጫፍ ያለው ርቀት ሲሆን፣ አኃዞቹ ወንዱን የሚመለከቱ ናቸው።

ጀርመን ሼፐርድ፦ ከ60 እስከ 65 ሴ.ሜ.፣ ከ30 እስከ 40 ኪ.ግ.
የቤልጅየም ማሊኑዋ፦ 62 ሴ.ሜ. ገደማ፣ ከ25 እስከ 30 ኪ.ግ.
ሮትዋይለር፦ ከ61 እስከ 68 ሴ.ሜ.፣ 50 ኪ.ግ. ገደማ
ዶበርማን፦ ከ68 እስከ 72 ሴ.ሜ.፣ ከ40 እስከ 45 ኪ.ግ.
ብላድሃውንድ፦ 68 ሴ.ሜ. ገደማ፣ ከ46 እስከ 54 ኪ.ግ.
ኮከር ስፓንየል፦ ከ39 እስከ 41 ሴ.ሜ.፣ ከ13 እስከ 14.5 ኪ.ግ.

በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ነገሮች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ማሊኑዋና ሮትዋይለር በቁመት ተቀራርበው ሳለ በክብደት እጥፍ ሊደርስ በሚችል ልዩነት መራራቃቸው ነው። ስለዚህ ‹‹ትልቅ ውሻ›› የሚለው አነጋገር ቁመትንና ክብደትን ለይቶ ካልገለጸ ለምርጫ አይረዳም። ሁለተኛው ከሁሉ ቀላሉና ከሁሉ ከባዱ ሁለቱም የፖሊስ ሥራ የሚሠሩ መሆናቸው ነው፤ ኮከር ስፓንየል በፍተሻ፣ ብላድሃውንድ በዱካ ክትትል።

4. መጠን የሚጨምረውና የሚቀንሰው

የሰውነት መጠን ውጤት በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። አንድ ውሻ ቅርጹ ሳይለወጥ በሁሉም አቅጣጫ በ25 በመቶ ቢያድግ፣ የሰውነቱ ገጽ በ56 በመቶ ገደማ ሲጨምር ክብደቱ ግን በ95 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሚደርሰው የሰውነት ገጽ በ20 በመቶ ይቀንሳል ማለት ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ ቆዳው አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። በመሆኑም ከባድ ውሻ በሩጫ ጊዜ ያመነጨውን ሙቀት ለማስወገድ ከቀላሉ ይልቅ ይቸገራል። በቆላ አየር ወይም በቀትር ፀሐይ በሚከናወን ግዳጅ ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ጉዳይ እስከ መሆን ይደርሳል።

የክብደት ጥቅም ተደርጎ የሚጠቀሰው ተጠርጣሪን የመጣል ኃይል ነው። ይህም ቢሆን ከፍጥነት ተነጥሎ አይታይም። ለምሳሌ ያህል 30 ኪ.ግ. የሚመዝን ውሻ በሰከንድ 10 ሜትር ሲሮጥ የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይል 1,500 ጁል ነው። 50 ኪ.ግ. የሚመዝን ውሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 8 ሜትር ቢሆን ኃይሉ 1,600 ጁል ይሆናል። የ20 ኪ.ግ. ጭማሪ ያስገኘው ትርፍ ከ7 በመቶ አይበልጥም፤ ምክንያቱም በስሌቱ ውስጥ ክብደት አንድ ጊዜ ሲባዛ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ይባዛል።

ሌሎች ኪሳራዎችም አሉ። ውሻውን የሚመራው ፖሊስ እንስሳውን አንሥቶ አጥር ማሳለፍ፣ በመስኮት ማስገባት፣ ቢቆስልም ተሸክሞ ማውጣት ይኖርበታል፤ 28 ኪ.ግ. ለዚህ የሚቻል ሲሆን 50 ኪ.ግ. ግን ለብዙዎች ከአቅም በላይ ነው። ከዚህ በተጨማሪ በትልልቅ ዝርያዎች ዘንድ የሚዘወተረው የዳሌ መገጣጠሚያ አለመግጠም በዘር የሚወረስና ከመጠን ባለፈ ክብደት የሚባባስ ችግር ነው። ጀርመን ሼፐርድም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም፤ ዕጩ ውሾች ከመገዛታቸው በፊት የዳሌ ራጅ እንዲነሡ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

5. ግዳጅና መጠን

የፖሊስ ውሻ ግዳጆች በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ፤ የሚፈልጉት መጠንም ይለያያል።

ተጠርጣሪን መያዝና ሕንጻ መፈተሽ፦ በዚህ ግዳጅ ውሻው ሰውን ለማቆም የሚበቃ ክብደት፣ ለመዝለልና በጠባብ መተላለፊያ ለመዞር የሚያስችል ቅልጥፍና ሊኖረው ይገባል። ጀርመን ሼፐርድና ማሊኑዋ በዓለም ዙሪያ የተመረጡት ሁለቱን ስለሚያስታርቁ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 በፓሪስ አቅራቢያ በሴን ዴኒ በተካሄደው የፀረ ሽብር ዘመቻ የተገደለችው ዲዝል የተባለችው የፈረንሳይ ፖሊስ ውሻም ማሊኑዋ ነበረች። በዚህ ግዳጅ ላይ የኃይል መመጣጠን ጥያቄም ይነሣል። የውሻ ንክሻ ፖሊስ በሰው ላይ የሚጠቀምበት ኃይል ስለሆነ፣ ከባድ ውሻን መምረጥ የሚደርሰውን የጉዳት መጠን አስቀድሞ መወሰን ነው።

ዱካ መከተል፦ እዚህ ፍጥነትና ንክሻ ቦታ የላቸውም። ብላድሃውንድ በክብደቱ ምክንያት ለመዝለል አይመችም፤ ነገር ግን ቀርፋፋነቱ ከኋላው ገመድ ይዞ ለሚከተለው ፖሊስ ጥቅም ይሆናል። በአንዱ ግዳጅ ጉድለት የሆነው ጠባይ በሌላው ብልጫ ሊሆን እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

አደንዛዥ ዕፅና ፈንጂ ማነፍነፍ፦ በዚህ ግዳጅ ትንሽነት ብዙ ጊዜ ተፈላጊ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተከለከሉ የግብርና ውጤቶችን ለማግኘት ያሰማራው ከ33 እስከ 40 ሴ.ሜ. ቁመት ያለውን ቢግልን ነው፤ ከማሽተት ችሎታው ባሻገር መንገደኛን ስለማያስፈራ ተመርጧል። በኦሃዮ ግዛት በጂያጋ አውራጃ ያገለገለችው ሚጅ የተባለች ትንሽ ድቅል ውሻ እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ትንሿ የፖሊስ ውሻ ሆና በጊነስ መዝገብ ተመዝግባለች፤ ትልቅ ውሻ በማይገባበት የመኪና ክፍል ገብታ ዕፅ ትፈልግ ነበር። በጃፓንም የናራ ክፍለ ግዛት ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2010 በፍርስራሽ መካከል ሰው ለመፈለግ 3 ኪ.ግ. ገደማ የምትመዝን ሞሞ የተባለች ቺዋዋን በፈተና ተቀብሏል። እነዚህ ልዩ አጋጣሚዎች ቢሆኑም፣ ለፖሊስ ውሻ ከግዳጁ ተነጥሎ የሚቆረጥ ዝቅተኛ ክብደት እንደሌለ ያሳያሉ።

6. ዝርያ ስለ ግለሰቡ ውሻ ምን ይናገራል?

ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ፓግ፣ ጀርመን ሼፐርድና ግሬይሃውንድ ሽታ በመለየት ተወዳደሩ። ከሁሉ የተሻለው፣ ክብደቱ ከ6.3 እስከ 8.1 ኪ.ግ. የሆነውና አፍንጫው ደፍጣጣ የሆነው ፓግ ነበር፤ ከ10ሩ ግሬይሃውንዶች 9ኙ ደግሞ ለመሥራት ያላቸው ፍላጎት አነስተኛ በመሆኑ ሥልጠናውን አልጨረሱም።

በአንጻሩ የዝየርስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በፖላንድ 164 የሠለጠኑ የፖሊስ ውሾችን ፈትሸው ትክክለኛ ጥቆማ በመስጠት ጀርመን ሼፐርድ ከሌሎቹ የላቀ፣ ቴሪየሮች ደካማ ሆነው አግኝተዋል። ከተሰጡት ጥቆማዎች 87.7 በመቶው ትክክል ነበሩ። ይሁንና በክፍል ውስጥ በተደረገ ፍተሻ 83.2 በመቶ የደረሰው ውጤት በመኪና ውስጥና ዙሪያ ከ58 እስከ 64 በመቶ ወርዷል። ይህ ቁልቁለት በዝርያ ስም የማይሸፈን፣ ከሥልጠናና ከፍተሻ ቦታ ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለቱ ግኝቶች የሚጋጩ ቢመስሉም የለኩት የተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው አዲስ ሽታ የመማር ብቃትን በተዘጋጀ ሁኔታ ለካ፤ ሁለተኛው ተመርጠውና ሠልጥነው ያለፉ ውሾችን በሥራ ላይ ለካ። ፓግ በፈተናው ቢያሸንፍም አጭር የመተንፈሻ አካሉ በሙቀት ስለሚያስቸግረው ለረጅም ፍተሻ አይሆንም። ማሽተት፣ የሥራ ፍላጎትና የአካል ጽናት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዝርያም ሦስቱን በአንድነት ዋስ ሆኖ አያቀርብም።

ይህን ድምዳሜ የሚያጠናክረው ሞሪልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ሰፊ የዘረ መል ጥናት ነው። ከ18,000 በላይ ውሾችን በሚመለከት ከባለቤቶቻቸው በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ ዝርያ በግለሰብ ውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት የሚያብራራው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በእርግጥ የጥናቱ ውሾች በአብዛኛው የቤት ውሾች ናቸው፤ ለሥራ ተብለው በሚራቡ የዘር ሐረጎች ዘንድ የዝርያ ድርሻ ከፍ ሊል ይችላል። ቢሆንም ከአንድ እናት የተወለዱ ቡችሎች አንዱ አልፎ ሌላው የሚወድቅበት ምክንያት ከዝርያ ስም ውጪ መፈለግ እንዳለበት ግልጽ ነው።

7. ማጠቃለያና አስተያየት

ከላይ ከቀረበው የሚገኘው መልስ ይህ ነው። የሰውነት መጠን ጥቅሙም ጉዳቱም በግዳጁ የሚመዘን ነው፤ ዝርያ ደግሞ ተስፋ የሚጣልባቸውን ዕጩዎች የት መፈለግ እንደሚሻል ይጠቁማል እንጂ ስለ አንዱ ውሻ አይመሰክርም።

በዚህ መሠረት የምርጫው ሂደት ቅደም ተከተሉን ቢለውጥ ይበጃል። መጀመሪያ ግዳጁና የሚፈጸምበት አየር ንብረት ይወሰን፤ ከዚያ የሚፈለገው ቁመትና ክብደት ከታች ብቻ ሳይሆን ከላይም ወሰን ይበጅለት፤ ቀጥሎ ወሰኑን ያሟሉ ዝርያዎች ይለዩ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ዕጩ በፍለጋ ፍላጎቱ፣ በድንጋጤ ጊዜ በሚያሳየው እርጋታና በመገጣጠሚያዎቹ ጤና ይፈተን። ፈተናው ውሻው በሚሠራበት ሙቀትና ቦታ መካሄድ፣ ከምረቃ በኋላም በየጊዜው መደገም ይኖርበታል፤ የፖላንዱ ጥናት እንዳሳየው በክፍል ውስጥ የተገኘ ውጤት ለመኪና ፍተሻ ዋስትና አይሆንም።

ሕግም ወደዚሁ ያዘነበለ ይመስላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 አልዶ የተባለ ጀርመን ሼፐርድ በሰጠው ጥቆማ በተነሣው የፍሎሪዳና የሃሪስ ክርክር፣ የውሻ ጥቆማ የሚታመነው በሥልጠናውና በብቃት ማረጋገጫው መሠረት መሆኑን፣ ተከሳሽም ይህን የመሞገት ዕድል ሊኖረው እንደሚገባ ወስኗል። በችሎት ፊት የቀረበው ጥያቄ የውሻው ዝርያና ግዝፈት ሳይሆን ሥራውን በአግባቡ ማወቁ ነበር። የፖሊስ ውሻ የሚመርጥ ተቋምም ከግዢው በፊት ይህንኑ ጥያቄ ቢያስቀድም፣ በኋላ በፍርድ ቤት ከመጠየቅ ይድናል።