«በየ8 ሰዓቱ» ወይስ «በ8 ሰዓት»?

ዛሬ ስለ መድኃኒት ቤቷ መስኮት እናውራ።

ደቡብ ጎንደር ስሠራ አንዲት እናት ከስማዳ ቆላ፣ ከበሽሎ በኩል፣ ወባ ታመው መጡ። ኮአርተም አዘዝኩላቸው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ብሶባቸው ተመለሱ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው 8 ፍሬ ኪኒን አሳዩኝ። በ3 ቀን 24ቱም ማለቅ ነበረበት።

«እማማ፣ ይሄ ለምን ቀረ?»

«እንደነገሩኝ ነው የዋጥኩት ልጄ። እዚያው 4 ዋጥኩ። ከዚያ በ8 ሰዓት ይውሰዱ አሉኝ፤ በየቀኑ በ8 ሰዓት ወሰድኩ።»

ባለሙያው ማለት የፈለገው «ሁለተኛውን ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋትና ማታ» ነው። እሳቸው የገባቸው ግን ከምሳ በኋላ ያለው 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ በቀን ሁለቴ መሆን ያለበት አንዴ ሆነ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። እኔም ሳዝላቸው አላብራራሁም። ሕክምናውን እንደገና ጀመርን፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳኑ። ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ግን ሁልጊዜ ጊዜ አይሰጥም።

ለፋርማሲ ባለሙያዎች፦
• ቁርጥ ያለ ሰዓት ንገሩ። «አሁን 3 ሰዓት ነው፤ ቀጣዩን 11 ሰዓት ላይ ይዋጡ።»
• «ገባዎት?» አትበሉ፤ ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። «ቤት ሲገቡ እንዴት ነው የሚወስዱት? እስኪ ይንገሩኝ» በሉ።
• ማንበብ ለማይችል ሰው ፓኬቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሳሉ።

ለእኛ ለታካሚዎች፦ ከመስኮቱ ሳንርቅ እንጠይቅ።
1. መድኃኒቱ ለምን በሽታ ነው?
2. ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን?
3. ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ? ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሠራል። ጾም ላይ ከሆኑ ይንገሩ፤ ዘይት ያለበት የጾም ወጥም ይሆናል።
4. ቢያስመልሰኝ ወይም ብረሳው ምን ላድርግ?

እርጉዝ ከሆኑ፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት ያስቆጣዎት መድኃኒት ካለ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ያሉ ወላጆቻችሁ መድኃኒት ከጀመሩ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። «ወሰዳችሁ?» ሳይሆን «በስንት ሰዓት ወሰዳችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለሌሎችም ያጋሩ።